ሞቅ ያለ ድምፅ አፈላላጊ ኮሚቴ

ጊታር የመንግሥት ንብረት ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው ከዚህ በታች የተዘረዘረውን ታላቅ ክንውን ባያነበው ይሻላል፤ ሊስቅ ይችላልና። እኛ ግን በጂንካ ከተማ ስሙን ለትሕትና ስል የማልጠራው መሥሪያ ቤት ሠራተኞች፣ አንድ ጊታር እንዴት በጥንቃቄ እንደሚያዝ ለአገር ያሳየን ሰዎች ነን። የኮሚቴው ጸሐፊ ስለነበርኩ የምናገረው ሁሉ በዓይኔ ያየሁትንና በእጄ የፈረምኩትን ነው።

ዘመኑ 2005 ዓ.ም. ነው። መሥሪያ ቤታችን የኪነት ቡድን ነበረው፤ ቡድኑም አንድ ኤሌክትሪክ ጊታር ነበረው። ከአዲስ አበባ እንደመጣ ድምፁ ማር ነበር ይላሉ የሰሙት። የሰሙት ጥቂቶች ናቸው፤ ምክንያቱም ብዙም ሳይቆይ የንብረት ቆጠራ ደረሰ። የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ወይዘሮ ሙሉሽ ብሩሻቸውንና ቀይ የዘይት ቀለማቸውን ይዘው መጡ። መመሪያው የንብረት ቁጥር ከፊት ለፊት፣ ለዓይን ግልጽ በሆነ ቦታ ይጻፍ ይላል። ወይዘሮ ሙሉሽ ደግሞ መመሪያ ሲያነቡ እንደ ወንጌል ነው፤ ከመስመር አይወጡም። ቁጥሩ ረጅም ስለነበር ከድምፅ ማለስለሻው ቁልፍ ላይ ተነሥቶ የፒካፕ መምረጫዋን ዘንግ አልፎ ሄደ። ፒካፕ ማለት ከክሮቹ ሥር ተቀምጦ ንዝረታቸውን ለድምፅ ማጉያው የሚያቀብል ማግኔት ነው። ቀለሙ በጂንካ ፀሐይ ደረቀ። ቁልፉም ዘንጉም ባሉበት ተጣብቀው ቀሩ፤ ያሉበትም ድምፁ ከሁሉ ቀጥኖና ሾሎ የሚወጣበት ጫፍ ነበር።

ጊታሩን የሚጫወተው ዳርጌ የሚባል የአሪ ብሔረሰብ ልጅ ነው። ሙዚቃውን የተማረው በቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከል ሲሆን ትሕትናውን ግን እዚያው ረስቶት ነው የመጣው። ከእሱ የተሻለ ጊታር መቺ ከጂንካ እስከ ቀይ አፈር እንደሌለ ራሱ ይናገራል፤ ሌላ ጊታር መቺም አልነበረም። ከቆጠራው በኋላ ግን ክር በነካ ቁጥር ቆርቆሮ በሚስማር የሚጫር ይመስል ጀመር።

አርባ ምንጭ በሚከበር አንድ የባህል በዓል ላይ ቡድናችን የአሪን የመኸር ዘፈን እንዲያቀርብ ታዘዘ። ጊታሩ ዘፈኑን የሚያጅቡትን ረጃጅም የቀርከሃ ዋሽንቶች ተክቶ ወፈር፣ ሞቅ ብሎ እንዲገባ ነበር የታሰበው። የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ አቶ ሸዋአለም ልምምዱን ሊጎበኙ መጡና የመጀመሪያውን ዜማ እንደሰሙ ሁለት ጆሯቸውን ያዙ።

"ዳርጌ፣" አሉ፣ "ይህ ድምፅ እስከ በዓሉ ካልሞቀ ጊታሩ ወደ መጋዘን፣ አንተ ወደ አርቦሬ።"

አርቦሬ ከጂንካ ርቆ ያለ የቆላ አገር ነው፤ ዳርጌ ክው አለ። ሚስቱ ኤፍራታ እዚያው ጂንካ አስተማሪ ናት፤ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛለች፣ ወሯም ገብቷል። ልጁ ሲወለድ አጠገቧ እንደሚሆን ምሎላታል። የዚያን ቀን ያ ሁሉ ጉራው ከፊቱ ላይ ጠፍቶ እንደ ሰው አሳዘነኝ።

"ጋሼ፣ እኮ ቀላል ነገር ነው፤" አለ። "ቀለሙን በምላጭ ልፋቀውና ቁልፏን ትንሽ ወደ ኋላ ላዙራት። አለቀ።"

"ምኑን ነው የምትፍቀው?" አሉ ወይዘሮ ሙሉሽ።

"ቁጥሩን።"

"ቁጥሩ ከተፋቀ ጊታሩ አለ?"

"አለ እንጂ፣ እትዬ ሙሉሽ፤ ይኸው ይዤዋለሁ።"

"አንተ የያዝከው እንጨት ነው፣ ልጄ። ጊታሩ ቁጥሩ ነው።"

እንዲህ ያለ ጥልቅ ነገር በየቀኑ አይሰማም። አቶ ሸዋአለም በሁለቱ መካከል ፈጣን ውሳኔ ሰጡ፤ ማለትም ኮሚቴ አቋቋሙ። ሞቅ ያለ ድምፅ አፈላላጊ ኮሚቴ ተባለ። እኔ ጸሐፊ ሆንኩ። ዳርጌ አልተካተተም፤ ጊታር ስለሚጫወት የጥቅም ግጭት አለበት ተባለ።

ኮሚቴው ሥራውን የጀመረው ከሥር መሠረቱ ነው። መጀመሪያ በድምፅ ማጉያው በኩል ማለስለስ ይቻል እንደሆነ መረመርን። የማጉያው ቁልፎች ባለፈው ቆጠራ ቁጥር የደረሳቸው ሆነው ተገኙ። ቀጥሎ የልምድ ልውውጥ ጉዞ ተደረገ። ጎረቤት ዞን ያለ አንድ የኪነት ቡድን ጊታሩ እንደ ቅቤ የለሰለሰ መሆኑን ሰምተን በሁለት መኪና ሄድን፤ ሰማን፤ እውነትም ለስልሷል። ጊታሩን ገልብጠን ስናየው ቁጥሩ የተጻፈው በጀርባው ነው። ይህንንም "በጎረቤቶቻችን በኩል የታየ ክፍተት" በሚለው ርእስ ሥር መዝግበን፣ አሳ በልተን ተመለስን።

ከዚያ ዐውደ ጥናት ተካሄደ። ጽሑፍ አቅራቢው ሙቀት ያለው ድምፅ የጎደለን የባለድርሻ አካላት ቅንጅት ስለጎደለ መሆኑን አስረዱ። ከሻይ እረፍት በኋላ የመፍትሔ ሐሳቦች ጎረፉ። አንዱ የታዳሚው ወንበር ወደ ኋላ እንዲርቅ ሐሳብ አቀረበ፤ ወንበሩን ስናርቅ ስናርቅ የፊተኛው ረድፍ ግቢ ወጣ። ሌላው ማጉያው ጋቢ እንዲደረብለት ጠየቀ፤ ተደረበለት። ያን ጊዜ ጊታሩ ጉንፋን እንደያዘው ሰው በአፍንጫው ማውራት ጀመረ። አቶ ሸዋአለም አዳምጠው፣ "መሻሻል አለ፤ ነገር ግን ይቀረናል" አሉ። ጋቢው ቁጥር ተሰጥቶት ገቢ ሆነ።

በዓሉ እየቀረበ ሲመጣ ዳርጌ መብላት ተወ። አንድ ከሰዓት ልምምድ ክፍል ውስጥ ጊታሩን ታቅፎ ተቀምጦ ሳለ ወይዘሮ ሙሉሽ ለቆጠራ ገቡ። እኔም አብሬያቸው ነበርኩ።

"ምነው ተከዝክ?" አሉት።

"ያስተከዙኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ? ዘፈኑ እኮ የእርስዎም አባት በዋሽንት ይነፉት የነበረ ነው፣ እትዬ። ይሄ ቀለምዎ አነቀው።"

ወይዘሮ ሙሉሽ ተቆጡ፤ ግን ቁጣቸው ያዘነ ሰው ቁጣ ነበር። መነጽራቸውን አድርገው ጊታሩ ላይ አጎነበሱ።

"እኔ ቁጥሬን አትንካ አልኩ እንጂ ሌላውን መቼ ከለከልኩህ? እነዚህ ግራና ቀኝ ያሉት ብሎኖች ምንድን ናቸው?"

"ፒካፑን ወደ ክሮቹ የሚያስጠጉና የሚያርቁ ናቸው።"

"ቁጥር አላቸው?"

"የላቸውም።"

"እንግዲያው እኔ ጋ የሉም። የሌለ ነገር ብታዞር ማን ይጠይቅሃል?"

ዳርጌ አፉን ከፍቶ አያቸው። ያን ሁሉ ጊዜ ከቀለሙ ጋር ሲጣላ ብሎኖቹን ረስቷቸው ነበር፤ ኩራቱ ይህን እንዲያምን አልፈቀደለትም እንጂ። ወይዘሮ ሙሉሽ ከቦርሳቸው የብርቱካን ቢላቸውን አውጥተው ሰጡት። ብሎኖቹን አላላ፤ ፒካፑ ከክሮቹ ራቅ ብሎ ዝቅ አለ። መምቻውን ጥሎ፣ እጁን ወደ ጊታሩ አንገት አስጠግቶ በአውራ ጣቱ መታው።

ይህን ስጽፍ ጸሐፊነቴን ልርሳው። ወፍራም፣ ክብ፣ ደረት ውስጥ የሚገባ ድምፅ ወጣ። ደስ አለኝ፤ በጣም ደስ አለኝ። ወይዘሮ ሙሉሽ ወንበር ስበው ተቀመጡና "አባቴ ሲነፋው እንዲህ ነበር" ብለው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ ተነሥተው ወንበሩን ቆጠሩ።

በማግስቱ ሠራተኛው ሁሉ ተጠራ። ኤፍራታም ባሏ ሲመሰገን ልታይ መጥታ ከኋላ ተቀመጠች። ዳርጌ ተጫወተ። አቶ ሸዋአለም ተነሡ።

"ኮሚቴያችን ባደረገው ያላሰለሰ ጥረት፣" አሉ፣ "ሞቅ ያለው ድምፅ ተገኝቷል። ይህ ምርጥ ተሞክሮ ነው። ምርጥ ተሞክሮ ደግሞ አንድ ቦታ ታቅፈውት የሚቀመጡት ነገር አይደለም፤ ይስፋፋል። ስለዚህ ወጣት ዳርጌ ተሞክሮውን እንዲያስፋፋ ከነገ ጀምሮ አርቦሬ ተመድቧል። በበዓሉ ላይ ኮሚቴው ጊታሩን ይዞ ይወክለናል።"

አርቦሬዎች ጊታር አልጠየቁም፤ የራሳቸው ሞልቶ የተረፈ ዘፈን አላቸው። ይህ ግን የአፈጻጸም ጉዳይ ነው ተብሎ ታለፈ። ዳርጌ እጁን አወጣ።

"ጋሼ፣ እዚያ ጊታር አለ?"

"ተሞክሮው ይቅደም፤ ጊታሩ ይደርሳል።"

"ድምፁ ባይስተካከል ኖሮስ የት ነበር የምሄደው?"

"አርቦሬ።"

"ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው?"

አቶ ሸዋአለም እንደ አባት ፈገግ አሉ። "ያን ጊዜ በቅጣት ነበር፣ ልጄ፤ አሁን በጭብጨባ ነው።"

አጨበጨብን። ኤፍራታ ብቻ ሆዷን ይዛ ሳታጨበጭብ ተቀመጠች፤ እኔም የጸሐፊነት ግዴታዬ ነውና አንዲት ሴት ለተሞክሮው መስፋፋት ድጋፍ አለመስጠቷን በቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈርኩ።