የጊፋታው በሬና ሁለቱ መስመሮች

ድሮ ነገን አውቃለሁ የሚል ሰው ቢያንስ ፂም ነበረው። ዛሬ ስልክ ይበቃዋል። እኔ ሁለተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ነው የወጣሁት፤ ቢሆንም ውሸታምን ለመለየት ሦስተኛ ክፍል መግባት አላስፈለገኝም። ልጄ ጴጥሮስ ግን አልዋሸም፤ አምኖ ነበር። ቤት የሚያፈርሰው ደግሞ ውሸታም ሳይሆን አማኝ ነው።

እኛ ሶዶ ለጊፋታ፣ ለዘመን መለወጫችን፣ በሬ የምናርደው ዓመቱን ሙሉ አጠራቅመን ነው፤ ሴቱ ቅቤ፣ ወንዱ ገንዘብ። የሰፈራችን ገንዘብ ያዥ ጴጥሮስ ነው። ዲግሪ አለው፣ መነጽር አለው፤ ሌላ ምን ይፈለጋል?

ታዲያ በዓሉ ሲቃረብ የሰፈሩን የበሬ ገንዘብ ወስዶ በስልኩ የባሕር ማዶ ኩባንያ አክሲዮን ገዛበት። ቶሎ አትርፎ ሰፈሩን ሊያስደንቅ! ሁለት መስመር አሳየኝ። አንዱ የጥቂት ቀን ዋጋ አማካይ ነው፣ ሌላው የብዙ ቀን፤ የጥቂቱ ከታች ተነስቶ የብዙውን ሲያቋርጥ ዋጋው ሊወጣ ነው አለኝ። አቋረጠ፤ ገዛ፤ ዋጋው ወረደ። ደግሞ ከዜሮ እስከ መቶ የሚቆጥር ሌላ ጠቋሚ አለው፤ ከሠላሳ በታች ሲወርድ ሰው ከልክ በላይ ሸጧል፣ አሁን ይነሳል ይላል። ጠቋሚው ወረደ፤ ልጄ ጠበቀ። ዋጋው ተኛ እንጂ አልተነሳም፤ የልጄም ጉንጭ አብሮ ጎደጎደ።

መስመሮቹ ከምን ተሠሩ ብዬ ብጠይቀው ካለፈው ዋጋ አለኝ። እኔስ ዳሞታ ተራራ ደመና ሲለብስ ይዘንባል እል የለም? አንዳንዴ ይዘንባል፤ አንዳንዴ ደመናው ተራራውን አቅፎ ተኝቶ ይውላል። ግን ዳሞታን አምኜ የሰው በሬ አላስይዝም።

ጴጥሮስ ወጥቼ ለሰፈሩ ልናገር ሲል፣ የአባትህን ስም ይዘህ የት ትሄዳለህ አልኩት። የምትታለብ ላሜን ነድቼ ቢጠና ገበያ ድረስ ወሰድኳት፤ እዚህ ብሸጣት ያውቁብኛላ። በዋጋዋ በሬ ገዛሁ። ጥጃዋ ስትጮህ ሰው ሲጠይቀኝ፣ ላሚቱን ጉኑኖ ላለችው እህቴ አውሼ ነው እላለሁ። ኩራት መኖ አይሆንም፤ ጥጃዋ ከሳች።

ለጊፋታ ሰፈሩ በላ። ሽማግሌያችን ጋሽ ዳና አፋቸውን በቅቤ አርሰው፣ እንዲህ ያለ በሬ በዕድሜዬ አልቀመስኩም፣ ገንዘባችንን የያዘ እጅ ይባረክ አሉ። ወደ እኔም ዞረው፣ የጴጥሮስ እናት፣ ደስ ይበልሽ፣ ለከርሞም ያዡ ያንቺው ልጅ ነው አሉኝ። ሰዉ ሁሉ አሜን አለ።

ጴጥሮስን ሰረቅ አድርጌ ባየው፣ እሱም አሜን ይላል።