የፎቁ የመጨረሻ አደራ

የተዘጋ ሆቴል ታሪክ አዋቂው ብዙ ነው። ክፍት ሳለ አንድ ብርጭቆ ሻይ ያልጠጣበት ሰው ሁሉ፣ ከተዘጋ በኋላ «እኛ እኮ እዚያ ነው ያደግነው» ይላል። የእኛ የደባርቁ «ፎቁ»ም ዕጣው ይኸው ሆነ። ደንበኛ ስም ነበረው፤ በራፉ ላይ በቀይ ቀለም ተጽፎ ነበር፤ ግን በሰፈሩ ብቸኛው ባለ ፎቅ ስለነበረ ጽሑፉን ቀና ብሎ ያነበበለት የለም። ዛሬ ስለ ፎቁ ብትጠይቁ አንዱ የትኛው ባለሥልጣን እንደተኛበት፣ ሌላው ጭላዳ ሊያይ የመጣ ፈረንጅ በቁንጫ እንዴት እንደተበላ ይተርክላችኋል። እኔ ግን የሆቴል ታሪክ የሚታወቀው ማን ተኛበት ተብሎ ሳይሆን ማን ምን ትቶ ሄደ ተብሎ ነው ባይ ነኝ። እንዴት እንዳወቅሁ ባትጠይቁኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ያኔ ከጎንደር ወደ ሽሬ የሚሄድ አውቶቡስ ደባርቅ ያድር ነበር። ከከተማው ወጣ እንዳላችሁ ሊማሊሞ አለ፤ መንገዱ በገደሉ ላይ እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማ የሚወርድበት፣ ደመናን ቁልቁል የምታዩበት ቦታ። ልባም ሾፌር ሊማሊሞን በጠዋት እንጂ ከቀትር በኋላ አይወርደውም። ስለዚህ ተሳፋሪው ፎቁ ያርፋል፤ ራቱን እየበላ ስለ ሊማሊሞ ያወራል፤ ባወራ ቁጥር እንጀራው ጉሮሮው ላይ ይቀራል። እና አንድ ልማድ ነበረ፦ ሰው የሚሳሳለትን ነገር ይዞ ሊማሊሞን አይወርድም። የጋብቻ ቀለበቱን ይሁን፣ የእናቱን ፎቶግራፍ፣ ለሆቴሉ ባለቤት ለእትዬ ጥሩዬ ይሰጥና «በደህና ከተመለስሁ እወስደዋለሁ» ብሎ ይሳፈራል። አንድ ቄስማ የአባታቸውን ዳዊት ሰጥተው ነበር። እንግዲህ አስቡት፣ ራሱ ገደል ቢገባ ግድ የለውም፤ ቀለበቱ ብቻ እንዳይገባበት! እትዬ ጥሩዬ ደረሰኝ አይሰጡም፣ ስም አይጽፉም። የተቀበሉትን በአቡጀዲ ይሰፉታል፣ የሰጪውን ፊት ትኩር ብለው ያያሉ፣ ከባንኮኒው ጀርባ ካለው ሳጥን ያስገቡታል። በቃ።

ከዚያ አስፋልቱ መጣ። ከጎንደር በማለዳ የተነሳ አውቶቡስ ደባርቅን በጥሩምባ ሰላም ብሎ ያልፍ ጀመር፤ ፎቁም ቀስ እያለ ባዶ ቀረና ተዘጋ። በዚያው ሰሞን የእትዬ ጥሩዬ ዓይን ደከመ። ጎንደር ሄደው ቶሎ ካልታከሙ ብርሃናቸውን እንደሚያጡ ሐኪሙ በግልጽ ነገራቸው። ልጃቸው ጎንደር አልጋ አንጥፋ ትጠብቃለች፤ ሆቴሉን አፍርሶ ሊሠራ ገዢ ቆሟል። እሳቸው ግን ወይ ፍንክች! «ሳጥኑ ባዶ ሳይሆን ቁልፍ አላስረክብም። ሰው የምለየው በፊቱ ነው፤ ዓይኔ ከጠፋ ለማን እመልሳለሁ?» አሉ። በሾፌሮች በኩል እስከ አዲ አርቃይ መልእክት ተላከ። በሕይወት ያለው ራሱ፣ የሞተው ደግሞ ልጁ እየመጣ አደራው ተወሰደ። አንዲት ጥቅል ብቻ ቀረች። አንድ ወር ጠበቁ፣ ሁለት ወር ጠበቁ፤ ዓይናቸው ግን አልጠበቀም። በመጨረሻ ወንበርና ሰው መለየት አቃታቸው ተባለ።

ሽማግሌ ይላክባቸው ሲባል እኔም ተመረጥሁ። መምህር ነኝ፤ መናገር አይቸግረኝም። ቁርሳቸውን በልተው እንደጨረሱ ገዢውን አስከትለን ገባን፤ ፊት ለፊታቸው ቅርብ ብዬ ተቀመጥሁና ጉሮሮዬን ጠራርጌ ጀመርሁ።

«እትዬ፣ ከማንም እቃ የእርስዎ ዓይን ይበልጣል። የዚህ ጥቅል ባለቤት ይኸው ሃያ ዓመት ብቅ አላለም። ምንም አያጠራጥርም፣ ሞቷል። የሞተ ሰው ደግሞ አይቀየምም።»

ሽማግሌዎቹ «እውነት ነው፣ ግሩም ተናገረ» አሉ። እኔም ደረቴን ነፋ አደረግሁ።

«አልሞተም» አሉ እትዬ ጥሩዬ።

«እንዴት አወቁ?»

«ይኸው እያናገረኝ ነዋ!»

ወይ መዋረድ! ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ደርግ በወደቀ ሰሞን አዲ አርቃይ ለማስተማር ተመድቤ ስወርድ፣ የግጥም ደብተሬን «እኔ ብሞት እንኳ አገር ይህን እንዳታጣ» ብዬ የሰጠኋቸው እኔው ነኝ። የራሱን ነገር ሰው እንዴት ይረሳል ትሉ ይሆናል። ሚስት አግቡ፣ ልጅ ውለዱ፣ የስድስት ክፍል ፈተና አርሙ፣ ከዚያ እንነጋገራለን።

«ከአዲ አርቃይ ተመልሼ ስንት ዓመት እዚህ ሻይ ስጠጣ ለምን አልነገሩኝም?» አልሁ።

«አደራ የተቀበለ ሰው ‹ና ውሰድልኝ› ይላል እንዴ? ሰለቸኝ ማለት አይሆንብኝም? ዛሬ ይጠይቀኛል፣ ነገ ይጠይቀኛል ስል አንተ ‹ስኳር ይጨመር› ብቻ ነው የምትል። ዛሬ ግን ራስህን ስትገድል ዝም ልበል?»

አፈርሁ። ሁለት ወር ሙሉ ዓይናቸው ሲደክም የነበረው እኔን ሲጠብቅ ነው። ከዚህ በኋላ ምን ንግግር አለ፤ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በእጃቸው ከለከሉኝ።

«ይልቅ ክፈተውና አንብብልኝ። ይህን ሁሉ ዘመን ምን እንደጠበቅሁ ልወቀው።»

ክሩን ፈታሁ፤ አነበብሁ። «ኦ ሰሜን ሆይ ሰሜን፣ ሰሜን ሆይ ኦ ሰሜን» ይላል መጀመሪያው። መጨረሻውም ከዚህ አይሻልም። ሽማግሌዎቹ ጣሪያውን ያያሉ። እትዬ ጥሩዬ ብቻ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ቅዳሴ እንደሚሰማ ሰው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ተነሱ፤ ከመቀነታቸው ቁልፉን ፈተው ለገዢው ሰጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«ልጄ፣ ሊማሊሞን ይዘኸው ብትወርድም ምንም አልነበረ።»

ጎንደር ታክመው ዓይናቸው በርቶላቸዋል፣ ተመስገን። ፎቁም ፈርሶ በቦታው መስታወት የለበሰ ሕንፃ ቆሟል። ባለፈው ለሥራ ወደ ሽሬ ስሄድ ደብተሩን ብብቴ ሥር አድርጌ ሊማሊሞን ወረድሁ። ሁለታችንም ምንም አልሆንን።