ቸርችል ጎዳና በባቄላ ማሳ ላይ

የፒያሳ ልጅ የማያውቀው ነገር የለም። አገር የሚያጠፋውም ይኸው ነው! ስለ ኳስ ጠይቁት፣ ያውቃል። ስለ ጥርስ ሕመም ጠይቁት፣ መድኃኒቱን ከነአወሳሰዱ ይነግራችኋል። መንገድ ከጠየቃችሁትማ ባያውቀውም ይመራችኋል… ብትጠፉ ጥፋቱ የእናንተ ነው። እኔ ደግሞ ተወልጄ ያደግኩት ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ስለሆነ፣ በተለይ በውሃ ጉዳይ ራሴን እንደ ሊቅ ነበር የምቆጥረው። በክረምት ከድልድዩ ላይ ሆኜ ስንት ጀሪካን፣ ስንት ነጠላ ጫማ በጎርፍ ሲሄድ አይቻለሁ! አንዱ ነጠላ ጫማ እንዲያውም የራሴ ነበር።

እናም የባለቤቴ የእታገኝ አባት አርፈው፣ ደብረ ብርሃን ሳይደረስ ጫጫ አካባቢ፣ ተዳፋት ላይ ያለች ሁለት ጥማድ መሬት ለእሷ ስትደርሳት፣ ምንም አልደነገጥኩም። ሰውየው ከማረፋቸው በፊት ለልጃቸው ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አፈሩን አደራ።» መሬቱን አላሉም፣ አፈሩን። እኔ የሽማግሌ አነጋገር ነው ብዬ አለፍኩት። እታገኝ ግን አላለፈችውም።

ፖም ልንተክልበት ወሰንን። ችግሩ ከላይ ካለው ኮረብታ የሚወርደው የክረምት ጎርፍ ነው። መቼም እናንተ ብትሆኑ ገበሬ ትጠይቁ ነበር። እኔ ግን ማኪያቶ የምንጠጣበት ባንኮኒ ላይ ጉባኤ ጠራሁ። ዋናው አማካሪዬ ቸርችል ጎዳና ላይ ጫማ የሚሸጠው ጓደኛዬ ወንዴ ነበር፤ በዕድሜው ጤናዳም እንኳ ተክሎ አያውቅም።

«ቸርችልን ዝናብ ሲወርድበት አይተሃል?» አለኝ።

«እንዴት አላይም!»

«ውሃው ይጠማዘዛል?»

«ኧረ ቀጥ ብሎ ነው የሚወርደው።»

«በቃ! አንተም ቀጥ ያለ ቦይ ቆፍርና ሸኘው!»

ባንኮኒው በሙሉ ራሱን ነቀነቀ። ጉዳዩ በሙሉ ድምፅ አለፈ።

በሰኔ መጀመሪያ አካፋና ዶማ ይዤ ሄድኩ። ተዳፋቱን አግድም የሚያቋርጡ፣ ሣር የበቀለባቸው አምስት የድንጋይ ካቦች አሉ። አማቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የደረደሯቸው እርከኖች ናቸው። ለእኔ ግን መንገዴ ላይ የተዘረገፈ ኮተት መሰሉኝ። አምስቱንም መሀል መሀላቸውን በስቼ፣ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ ቦይ አወጣሁ። ከካቡ ያወጣሁትንም ድንጋይ አልጣልኩትም፤ መግቢያው ላይ አግዳሚ ወንበር ሠራሁበት። ቁጭ ብዬ ሥራዬን እንዳይ ነዋ!

ከእኛ በታች የሚያርሱት ጎረቤታችን አያ ደምሴ፣ ዱላቸውን ተደግፈው ሲያዩኝ ቆዩ።

«አማቻችን፣ ጠመም ብታደርገው አይሻልም? ውሃ ሲቸኩል ክፉ ነው።»

«አይዞዎት አያ ደምሴ፣ ይሄ የከተማ አሠራር ነው።»

«እንዲያ ነው?» አሉና፣ ባቄላቸውን አየት አድርገው ሄዱ።

እታገኝ ደግሞ፣ «አባዬ ይህን ሁሉ ድንጋይ የደረደረው ድንጋይ ስለሚወድ ይመስልሃል?» አለችኝ። እኔ ግን የፖም ችግኝ እየተከልኩ ነበር። ምከረው፣ ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባል የለ? የእኔ መከራ ቀጠሮው ሐምሌ ላይ ነበር።

አንድ ጠዋት እዚያው ባንኮኒ ላይ እንዳለሁ ስልኬ ጮኸ። አያ ደምሴ ናቸው።

«አማች፣ ደህና ናችሁ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን! እናንተስ? ቤተሰቡ፣ ከብቱ?»

«ሁሉም ደህና ነው። አፈራችሁም ደህና ነው።»

«አፈራችን?»

«አዎ፣ ትናንት ከዝናቡ ጋር መጥቶ እኛ ጋ ነው ያደረው።»

ከእታገኝ ጋር በዚያው ቀን ሄድን። ቦዬ ቦይ መሆኑ ቀርቶ ገደል ሆኗል፤ ብገባበት እስከ ብብቴ ዋጠኝ። ጥቁሩ አፈር ተጠርጎ ከሥሩ ጭንጫው አግጥጧል። ፖሞቹ ከነጉድጓዳቸው የሉም። ከታች ደግሞ የአያ ደምሴ ባቄላ ግማሹ በእኛ አፈር ተቀብሯል። ምንም ሳይሆን የቆመው የእኔ አግዳሚ ወንበር ብቻ!

እታገኝ ጎንበስ ብላ ከባቄላው ማሳ አንድ ጭብጥ አፈር አነሳችና ይዛው ቆመች። ብትሰድበኝ በስንት ጣዕሙ! እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። ሟቹ የሰጡት አደራ አንድ ነው፤ እሱኑ ነው መንገድ ጠርጌ የሸኘሁት።

አያ ደምሴ እግር ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዘው አስቀሩኝ።

«የፈለጉትን ካሳ እክሳለሁ» አልኳቸው።

«ካሳ ምን ያደርግልኛል? የፊታችን ሐሙስ ደቦ እጠራለሁ። አንተ ድንጋይ ታቀብላለህ። አፍህን ዘግተህ ግን!»

ድንጋዩስ ይሁን… ለፒያሳ ልጅ አፍ መዝጋት ቀላል ነው?

ሐሙስ ሃያ ያህል ሰው ወጣልን። መጀመሪያ ያፈረሱት አግዳሚ ወንበሬን ነው። ካቡን እየጠገኑ ዘፈኑ፣ ዘፈኑም ስለ እኔ ነበር፤

የፒያሳው አማች ደግነቱ በዝቶ፣
አፈሩን ሸኘልን መንገዱን አብጅቶ!

እታገኝ ምሳ ስታቀርብ ሰምታ ፊቷን አዞረች። ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ አላወቅኩም። እኔ ግን አላስቻለኝም፣ አፌን ከፈትኩ።

«አያ ደምሴ፣ ውሃው እንዲህ ከታገደ መሄጃው የት ነው?»

ቀና አሉ። «ስማ፣ ቤትህ እንግዳ ሲመጣ ምን ትለዋለህ?»

«ግባ እለዋለኋ።»

«ከዚያስ?»

«ቁጭ በል፣ ቤት ያፈራውን ቅመስ…»

«በፊት በር ተቀብለህ በጓሮ በር ገፍትረህ አታስወጣውም?»

«ኧረ ነውር ነው!»

«ውሃም እንግዳ ነው። በየእርከኑ ቁጭ ይበል፣ ይረፍ። የተረፈው በጎን በኩል ቀስ ብሎ ይሄዳል። ገፍትረህ ያስወጣኸው እንግዳ ግን እጁ የገባውን ይዞብህ ነው የሚወጣው።»

ፒያሳ ስመለስ ስለ እርከን በስልኬ ሳነብ ሰነበትኩ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ለወንዴ የደረሰብኝን ብነግረው ደግሞ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ቸርችልማ አስፋልት ነው! አስፋልት አላለበስከውም እንዴ?»

ጥር ላይ አያ ደምሴ ለዘመድ ሠርግ አዲስ አበባ መጡ። ቤታችን ጎራ ሲሉ አንድ ጆንያ ባቄላ ይዘዋል።

«ምነው አያ ደምሴ፣ በእኛ ይብሳል!» አለች እታገኝ አፍራ።

«የአባትሽ አፈር ያበቀለው ነው። የተቀበረውስ ጠፋ፤ አፈራችሁ ሳሳ ብሎ የተኛበት ዳር ዳሩን ግን… እንዲህ ያለ ባቄላ ሰብስቤ አላውቅም።»

እታገኝ ቆልታ አቀረበችው። አንዷን ፍሬ መዳፏ ላይ አድርጋ ብዙ አየቻት፤ ከዚያ ቆረጠመቻትና ሳቀች። ከሐምሌ ወዲህ ለእኔ የተሳቀ የመጀመሪያው ሳቅ ነው። ደስ አለኝ። ደስ ሲለኝ ደግሞ፣ መቼም ታውቁኛላችሁ፣ አፌ አያርፍም።

«አያ ደምሴ፣ እርከኑስ ተጠግኗል። እንግዲህ ያ አፈራችን መቼ ነው ወደ ቤቱ የሚመለሰው?»

ባቄላቸውን እየቆረጠሙ ትክ ብለው አዩኝ።

«አሁንም አልተማርክም? እንግዳ መቼ ነው የምትሄደው ተብሎ ይጠየቃል?»