ታድግበታለች ብዬ ያሠራሁት መቅዘፊያ

ለልጁ በልኩ ልብስ የሚገዛ ወላጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ሳሪስ አቦ ገበያ የልጆች ልብስ ስሸጥ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ እስከ ዛሬ አንዲት እናት «ይኼ ልኩ ነው፣ ጠቅልይልኝ» ብላኝ አታውቅም። ልኩ ከሆነማ አይገዛም። ልኩ የሆነ ልብስ ማለት ነገ የሚጠብ ልብስ ነው። ስለዚህ የስድስት ዓመቱን ልጅ የዘጠኝ ዓመት ሹራብ እናለብሰዋለን፣ እጅጌውን ሦስት ጊዜ እንጠቀልልለታለን፣ ሱሪውን በገመድ ሸብ እናደርግለትና «ያድግበታል» ብለን እንሸኘዋለን። ልጁ በገዛ ልብሱ ውስጥ ጠፍቶ ሰፈር ለሰፈር ሲዞር ጭንቅላቱ ብቻ ብቅ ይላል፤ ቁርጥ ኤሊ። ልብሱ ልኩ የሚሆነው ጉልበቱ ሲቀደድና ቀለሙ ሲለቅ ነው። ያን ጊዜ ለታናሹ ይተላለፋል። ለታናሹም ሰፊ ነው። እሱም ያድግበታል።

በዚህ እየሳቅኩ እንዳይመስላችሁ፤ እንጀራዬ ነው። «ያድግበታል» የምትለዋን ቃል በዚህች ከተማ ውስጥ ከእኔ በላይ የተናገረ ሰው ካለ ይምጣና ይወዳደረኝ። ጥፋቴ ቃሏን ከገበያ ይዤያት ውሃ ላይ መውጣቴ ነው።

ታናሽ እህቴ ቂሊንጦ ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራለች፤ ቤቷ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ሲፈን የምትባል አንዲት ልጅ አለቻት። እናትየው ቅዳሜ ሥራ ስለምትገባ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲፈን የእኔ ናት። ልጅቷ አሥራ አንድ ዓመት የሞላት ጊዜ ከትምህርት ቤት አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ለልጆች የታንኳ ቀዘፋ ሥልጠና ሊጀመር ነውና ወላጅ ይፈርም ይላል። እህቴ «እኔ ልጄን ለአሳ አልሰጥም» ብላ ወረቀቱን ገፋችው። እኔ ፈረምኩ። እስከ አራተኛ ክፍል የተማርኩት ለእንዲህ ያለው ቀን ነው።

አሰልጣኙ ደረጀ የሚባል ሸንቀጥ ያለ ወጣት ነው። ማዘር ይለኛል። መጀመሪያ «መቼ ወለድኩህ» ልለው አስቤ ነበር፤ ልጆቹን ሲይዝ ሳየው ተውኩት። በመጀመሪያው ቀን ታንኳ እንጂ ለልጅ የሚሆን መቅዘፊያ እንደሌለው ነግሮን፣ ለየልጆቻችን እንድናሠራ ለመነን። «መሬት ላይ ሲቆም እስከ አፍንጫቸው ይድረስ፤ ከዚያ አይለፍ» አለ። በደንብ ሰምቼዋለሁ። ጆሮዬ ጤነኛ ነው።

ሲፈንን ይዤ ሳሪስ አናጢው ጋሽ ነስሩ ዘንድ ሄድኩ። የእሳቸው ሥራ አልጋና በር ነው፤ መቅዘፊያ ሠርተው አያውቁም። ልጅቷን አቁመው አፍንጫዋ ትክክል እንጨቱ ላይ በእርሳስ ምልክት አደረጉ።

«ሁለት ስንዝር ይጨምሩበት» አልኳቸው።

«ከራሷ በላይ ሊወጣ ነው እኮ፣ ዘነቡ።»

«ልጅ አይደለች እንዴ፣ ጋሽ ነስሩ፤ ታድግበታለች።»

ጋሽ ነስሩ ስድስት ልጆች አሳድገዋል። አልተከራከሩኝም።

ቀዘፋ አይታችሁ የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ። ልጁ ታንኳው ውስጥ በአንድ ጉልበቱ ይንበረከካል። አንዱን እጁን የመቅዘፊያው ጫፍ ላይ፣ ሌላውን ዝቅ አድርጎ ይይዝና ከፊቱ ውሃው ውስጥ ቀጥ አድርጎ ይተክለዋል፤ ከዚያ በመላ ሰውነቱ ይስባል። የእኔዋ ግን መቅዘፊያው ከራሷ በላይ ስለወጣ ጫፉን መያዝ አልቻለችም። ምን ታድርግ? መሀሉን ያዘችና ወደ ጎን አጋድማው፣ ግቢ እንደሚጠርግ ሰው ውሃውን ትጠርገው ጀመር። እንጨቱ ወደ ቀኝ ሲስባት እሷ ወደ ግራ ትንጋለላለች። ግን ክብደቷ ከአንድ ጀሪካን ውሃ እምብዛም አይበልጥምና ታንኳው መኖሯንም ያወቀ አይመስልም። ጭራሽ ከሁሉም ቀድማ ትገባለች። ሁለት ዓመት ሙሉ የቀደማት የለም። እኔም ከዳር ሆኜ እልል ስል ዳክዬዎቹ ግድቡን ጥለው ይሄዱ ነበር። ደረጀ በየጊዜው «ማዘር፣ ይቺ መቅዘፊያ ትቆረጥ» ይለኛል፤ እኔም «እሺ» እለዋለሁ። የሚያሸንፍ መቅዘፊያ ማን ይቆርጣል?

ከዚያ ክረምት መጣ፣ ግድቡ ሞላ፣ ሥልጠናው ተቋረጠ። በዚያ በአንድ ክረምት ሲፈን ምን እንደበላች እግዜር ይወቅ፤ መስከረም ላይ አንገቴን ቀና አድርጌ የማያት ልጅ ሆና ጠበቀችኝ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ዳር ላይ አቁሜ መቅዘፊያውን ከአጠገቧ አቆምኩት። አፍንጫዋ ላይ። ልክክ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ደረጀን «ና፣ ና፣ እይ፣ አላልኩም?» ብዬ እጁን ጎትቼ አሳየሁት።

ታንኳው ላይ ወጣች። ሃያ ክንድ ሳትሄድ ውሃ ውስጥ ገባች። አወጧት፤ ደግማ ገባች። ያን ቀን ሦስት ጊዜ ወደቀች።

ዓይን ነው አልኩ። የሰው ዓይን ደግሞ አይደለም፣ የእኔው ምላስ ነው፤ እንደዚያ እልል ስል የከረምኩ ሴትዮ ማንን እከሳለሁ? ከቤቷ አምጥቼ እኔ ዘንድ አሳደርኳትና ሳሪስ አቦ ጠበል ሰባት ቀን በጠዋት አስጠመቅኳት። ውሃ የሚጥላትን ልጅ በውሃ ላድን። ስምንተኛው ቀን ቅዳሜ ነበር። አራት ጊዜ ወደቀች።

ሳቁ እዚህ ላይ ይብቃን፤ ለልጅቷ ቀልድ አልነበረም። በወሩ ደረጀ ሐዋሳ ለሚደረገው ውድድር ሦስት ልጆች ሊመርጥ ነው። ሲፈን ከሞጆ ወዲያ አልፋ አታውቅም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በአፏ ያለው ሐዋሳ ነው። አሁን በእሷ ትከሻ ሥር የሚያልፉ ልጆች ሳይወድቁ ይቀድሟታል። ትምህርት ቤት ደግሞ «ታወር» የሚል ስም አውጥተውላታል፤ ኔትወርክ አስተላልፊልን ይሏታል። ልጄ ጎበጠች። በር ስታልፍ፣ ሰልፍ ስትቆም፣ ከእኔ ጋር ስትሄድ እንኳ ትከሻዋን ሰብስባ ነው። አንድ አርብ ማታ «እቴቴ፣ ነገ እንዳትመጪ፤ ትቼዋለሁ» ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ።

በነጋታው ብቻዬን ግድቡ ወረድኩ።

«ዓይን አይደለም፣ ማዘር» አለኝ ደረጀ። «እግሯና እጇ ቀድመው ሮጡ፤ ወገቧ ከኋላ እየተከተለ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ነገር ነው፣ ይደርሳል። ችግሩ ያ መንጋለሏ ነው። ትንሽ እያለች ታንኳው ይሸከመው ነበር። አሁን ያ ሁሉ ቁመት ሲንጋለል አብሮ ይገለበጣል። መቅዘፊያው ልኳ ነው፣ እጇ ግን አሁንም እንደረዘመባት ነው የሚይዘው። ይህን አያያዝ ማን እንዳስተማራት አላውቅም።»

እኔ አውቃለሁ። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ይላሉ፤ ጦጣዋን ማን አስለመዳት የሚል ግን የለም። ዋጥ አድርጌው ልመለስ ነበር፤ አልዋጥ አለኝና ጋሽ ነስሩ ዘንድ ያዘዝኩትን ነገርኩት።

«እስከ አፍንጫዋ አላልኩዎትም?»

«ብለሃል። እኔ የሰማሁት የከርሞውን አፍንጫዋን ነው።»

ደረጀ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሲበቃው አሳዘንኩት መሰለኝ፣ ዳር ላይ አንበረከከኝና እጅ እንዴት ከፍ እንደሚል፣ ጀርባ እንዴት እንደሚዘረጋ አንድ በአንድ አሳየኝ። በቀጥታ ወደ ኮዬ ፈጬ ሄጄ ለልጅቷም ተናዘዝኩ።

«እና ሁለት ዓመት ሙሉ በሰፊ ጫማ ነበር የምሮጠው በይኛ።»

«አዎ።»

«በእሱም ቀድሜያቸዋለሁ?»

«ዳክዬዎቹ ይመስክሩ።»

ተነስታ መጥረጊያ አመጣች። የመጥረጊያውን እንጨት ማለቴ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ሱቄን ዘግቼ ኮዬ ፈጬ እሄዳለሁ፤ ከሕንጻው ሥር ትራስ ላይ ትንበረከክና አየር እንቀዝፋለን። እዚህ ላይ እኔም ሙያ አለኝ። ልጅ ኮት ሲለካ ከመስታወቱ በፊት ጀርባውን ነው የማየው፤ «እጅህን ወደፊት ዘርጋ» እለዋለሁ። የሚያፍር ልጅ ከክርኑ ነው የሚዘረጋው፣ ጀርባው ጎብጦ ይቀራል። ሲፈንም እንደዚያው። መዳፌን በትከሻዎቿ መሀል አሳርፌ «ከእጅሽ አይደለም፣ ከዚህ ነው የምትዘረጊው፤ ላይኛው እጅ ከፍ፣ ከፍ» እላለሁ። አራተኛ ፎቅ ያሉት አዛውንት ጎረቤት በረንዳቸው ላይ ሆነው «መጥረጊያውስ ተገኘ፣ ቆሻሻው የታለ?» ይሉናል። ሲፈን መጀመሪያ ታፍር ነበር። በሁለተኛው ሳምንት «ጋሼ፣ ወደ እርስዎ በር እየቀዘፍኩ ነው» ብላ መለሰችላቸው። ያን ጊዜ ግማሹ መንገድ እንዳለቀ አወቅኩ።

የምርጫው ቅዳሜ ስምንት ልጆች ተሰለፉ። ከተነሱ በኋላ የእኔዋን ፈልጌ አጣኋት፤ ለካ ከኋላ ናት። ከፊት አንዲት የአሥራ አንድ ዓመት ቁራጭ ልጅ እንደ ዝንብ ትበራለች። የእኔዋ ደግሞ ቀጥ ብላ፣ እጇን ከፍ እያደረገች፣ ችግኝ እንደሚተክል ሰው አንድ አንድ እያለች ትተክላለች። መሀል ላይ ነፋስ መጣ። ሲፈን ወደ ግራ መንጋለል ጀመረች። ነጠላዬን ነከስኩ። እልልታ የለ፣ ጩኸት የለ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አልኩ። ታንኳው ወዲህ አለ፣ ወዲያ አለ። ጀርባዋ ቀስ ብሎ ተመለሰ። ተከለች። ሳበች። ከዚያ በኋላ አራት ታንኳ አለፈች።

አራተኛ ገባች። ሐዋሳ የሚሄዱት ሦስት ናቸው።

ደረጀ ሦስቱን ስም ሲጠራ እኔ ቀሚሴን ሰብስቤ ወደ እሱ እየሄድኩ ነበር። የምለውን አልተዘጋጀሁበትም፤ ስደርስ ይመጣል ብዬ ነው። ትከሻዬ ላይ ከላይ እጅ አረፈብኝ።

«እቴቴ፣ ተይው። አልወደቅኩም እኮ።»

ቀና ብዬ አየኋት። ፀጉሯ ደረቅ ነው። ካደገች ወዲህ ደረቅ ፀጉሯን ይዛ ከግድቡ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው። ደረጀ ራሱ መጣና «በአዲሱ አቀዛዘፍሽ ይኼ የመጀመሪያሽ ነው፤ ለቅዳሜ አትቅሪ» አላት። አልቀርም አለችው። እኔም ቀሚሴን ለቀቅኩ። እኔ ለጠብ ስዘጋጅ ልጅቷ ጨርሳዋለች።

አቃቂ ላይ ወደ ኮዬ ፈጬ የሚሄድ ሚኒባስ አገኘን። ረዳቱ «አንድ ሰው ብቻ» ይላል። እኔ አንገቴን በበሩ አስገብቼ፣ «ሁለት ነን፤ ይቺ ልጅ ናት፣ እታቀፋታለሁ» አልኩት። አፌ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም የተናገርኩት፤ ስንት ዓመት ያልኩት ነው። ረዳቱ እኔን አየ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ላይ አያት።

«ማዘር፣ ማን ማንን ነው የሚታቀፈው?»

ታክሲው በሳቅ ፈረሰ። እኔ ክው አልኩ፤ አሁን ትከሻዋን ትሰበስባለች፣ የወሩ ልፋታችን እዚህ በር ላይ ቀረ ብዬ። ሲፈን ግን ከሁሉም በላይ ሳቀች። ገብታ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠችና ጭኗን መታ መታ አደረገች።

«ነይ፣ እቴቴ።»

ምን ላድርግ፣ ታቀፈችኝ። ወራጅ እስኪገኝ ድረስ፣ ይህን ሁሉ ገላዬን ይዤ ቱሉ ዲምቱ ደረስኩ፤ ልጅቷ አንድ ጊዜ እንኳ ከበድሽኝ አላለችም። ሐዋሳስ ካላችሁኝ፣ ሐይቅ ነው፤ የትም አይሄድም።