ጎርፍ አትበሉት፣ ጊዜያዊ እርጥበት ነው

ሰው ራሱን በመስታወት ሲያይ ፀጉሩን ያስተካክላል፤ በፊልም ሲያይ ግን የጎረቤቱን ስም ይጠራል። ይህን የምለው ፈላስፋ ሆኜ አይደለም። መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ስፌት መኪናዬን እያንቀጫቀጭኩ ኖሬአለሁ፤ ሰው መስታወት ፊት ሲቆም ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ሆዱ የገፋ ደንበኛ «ሸሚዙን አጠበብከው» ይለኛል እንጂ «ወፍሬአለሁ» ብሎኝ አያውቅም።

ስለዚህ ስለ መቅሰፍት ፊልም የሚያወራ ሰው ስሰማ ደሜ ቢፈላ አትፍረዱብኝ። እነዚያን አስቂኞቹን ነው የምላችሁ፤ ዓለም ሊጠፋ ሲል ባለሥልጣኑ ካሜራ ፊት ክራባቱን የሚያስተካክልባቸውን፣ ሕዝቡ መሸሹን ትቶ የሚከራከርባቸውን። የተማሩት «የዘመናዊው ማኅበረሰብ መስታወት ናቸው» ይላሉ። ይሁን። ግን ማን ነው ያየበት? ወላሂ አንድ ሰው «እኔ ነኝ» ሲል ሰምቼ አላውቅም። ሁሉም «እነሱን አየኋቸው» ነው የሚለው። እንግዲህ መስታወት ሳይሆን ጎረቤት ማያ መስኮት አድርገነዋል ማለት ነው።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ጀማል የሠፈራችን ሰው ነው። ከአሮጌው ከተማችን በሮች አንዱ ከሆነው ከፈላና በር ገባ ብሎ ባለው ጠባብ መንገድ ላይ የአያቱን ቤት ወርሷል። ደግ ነው፤ ጫቱም፣ ፎቅ ላይ ያለችው ክፍሉም፣ ትልቁ ቴሌቪዥኑም ለጎረቤት ክፍት ናቸው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ እንዲህ አልናደድም ነበር። ከዚያች ክፍል መስኮት በታች የግቢው የድንጋይ ግንብ አለ፤ ከግንቡ ሥር ደግሞ አክስቴ ዘይነባ አሉ። አክስቴ የተቆላ ለውዝ ይሸጣሉ። እኔ ሳልወለድም እዚያው ነበሩ ይባላል።

አምና ይህ ግንብ መሐሉ ላይ ሆድ ማውጣት ጀመረ። ከጎኑም እጄን እስከ አንጓዬ የሚያስገባ ስንጥቅ ታየ። እጄን አስገብቼ አይቻለሁ። ለጀማል ነገርኩት፤ ሳቀ። «አያቴ የሠሩት ነው፤ አንተንም ቆሞ ይቀብርሃል» አለኝ። ሰው ስለ ግንብ ሲያስጠነቅቅ በዘመድ ስም የሚመለስለት የት አገር ነው? ሳይቃጠል በቅጠል ነው የሚባለው እንጂ ሳይቃጠል በአያት አይባልም።

ከዚያ ከረመዳን ማግስት የምናከብረው ሸዋል ዒድ ደረሰ። በእኛ ከተማ ለዒድ የሚለብሰው ሰው ብቻ አይደለም፤ ግድግዳም ይለብሳል። በየዓመቱ ኖራ በኖራ ላይ፣ ቀለም በቀለም ላይ ይደረብለታል። ባህላችን ነው፤ ደስ ይላል፤ እኔም እኮራበታለሁ። ግን ጀማል ምን አደረገ መሰላችሁ? ስንጥቁን በኖራ ደፈነና ግንቡን ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ቀባው። ሱብሐነላህ፣ አማረ! የታመመውን ሙሽራ አደረገው። እንግዳው ሁሉ እየተደገፈ ፎቶ ይነሳበት ጀመር። እኔ እንደገና ብጮህ ጀማል በእርጋታ «አሁንማ ተጠገነ እኮ» አለኝ። ቀለም ጥገና ከሆነ እኔም የተቀደደ ሱሪ ላመጣልኝ ሁሉ ቀዳዳውን ዙሪያውን ቀለም ቀብቼ እመልስለታለሁ፤ ከዚያ ደፍሮ የሚለብስ ካለ እናያለን።

ጀማል እንቢ ሲለኝ ወደ አክስቴ ሄድኩ። ከዚያ ተነስተው ፈላና በር አካባቢ እንዲቀመጡ ለመንኳቸው። ምን አሉኝ? «ልጄ፣ እኔ ከዚህ ብነሳ ሠፈሩ ዘይነባ ለምን ተነሳች ይላል። የጀማልን ግድግዳ በሰው ፊት አማሁት ማለት ነው። እናቱ ስትሞት አብሬ የቀበርኩ ሰው፣ በአንድ አፎቻ ሐዘኑንም ሠርጉንም ስንረዳዳ የኖርን ሰዎች፣ በስተርጅና ላሳፍረው?» አሉ። እንግዲህ ፍረዱኝ። ሌላው ሕዝብ ግንብ ሊወድቅ ሲል ይሸሻል፤ የእኛ ሰው ግን ግንቡ እንዳያፍር ሥሩ ይቀመጣል። ተናደድኩ። ይሉኝታን በምን አፍ ይከራከሩታል?

ዒዱ አልፎ በመጣው ጁምዓ፣ ከሰላት በኋላ፣ ጀማል ቤት በርጫ ተቀመጥን። የበልግ ዝናብ ካደረበት ገና ማባራቱ ነው። መምህር ኢድሪስ ፊልም ይዞ መጥቶ ነበር፤ እሱ የሠፈራችን ምሁር ነው፣ እንግሊዝኛውን እየተረጎመ ያሳየናል። ፊልሙ ባሕር ወደ ከተማ ሲገባ የሚያሳይ ነው። ውሃው እየመጣ፣ ሹማምንቱ «ጎርፍ» የሚለው ቃል ሕዝብ ያስደነግጣል ብለው «ጊዜያዊ እርጥበት» እንዲባል ይወስናሉ። ሕዝቡም እስከ ወገቡ ተነክሮ «እርጥበቱ ዛሬ በርታ ብሏል» እየተባባለ ገበያ ይሄዳል። አስቂኝ ነበር፤ እኔም ስቄአለሁ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ያሉት አባቶች ይህን ፊልም ሳያዩ ነው እንዴ የተናገሩት?

ጀማል ሲስቅ መጀመሪያ ሊያስነጥሰው እንደመጣ ሰው ትንፋሹን ያዝ ያደርጋል፣ ከዚያ ጭኑን እየመታ ይለቀዋል። ሠፈሩ በሙሉ ያንን ሳቅ ያውቀዋል። ኢድሪስ ደግሞ በየመሐሉ ፊልሙን እያቆመ ያብራራል፤ ይህ የሠለጠነው ዓለም ውድቀት ነው፣ እዚያ ሰው ለሰው አይተዛዘንም፣ ማስጠንቀቂያ አይሰሙም፣ አለ። ጀማልም «አላህ እኛን ጠብቆናል» አለ። ሁሉም «አሚን» አሉ።

እኔ ከመስኮቱ አጠገብ ነበርኩ። ወደ ታች ባይ አረንጓዴው ቀለም በቁመቱ ተሰንጥቆ ጭቃ ውሃ እየወረደበት ነው፤ ሆዱም ከትናንቱ ገፍቷል። አክስቴ ከሥሩ ለውዛቸውን ያሰናዳሉ። ከማዶ ልጃገረዶች የዒድ ልብሳቸውን ለብሰው ግንቡን ከኋላቸው አድርገው በስልክ ቪዲዮ ይቀርጻሉ። «ጀማል፣ ግንብህ እየተናደ ነው!» አልኩ። ጀማል ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሳ በእጁ ገታኝ፤ «ይቺን ጨርሰን እናየዋለን፣ ኢንሻአላህ» አለ። ኢድሪስም ፊልሙን እንዳላበላሽበት ተቆጣኝ። በዚያች ደቂቃ በፊልሙ ውስጥ ያለው ከንቲባ «ከምሳ በኋላ እንወያይበታለን» ይል ነበር። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። አክስቴን ስጠራ ቀና ብለው አዩኝ፤ ፈገግ ያሉም ይመስለኛል። ከዚያ ግንቡ ወረደ።

በእጃችን ቆፍረን አወጣናቸው። ነፍሳቸው ተረፈች፣ አልሐምዱሊላህ። ቀኝ እግራቸው ግን ከጉልበት በታች ስላልተረፈ ሐኪሞቹ ቆረጡት። ያን ቀን ሠፈሩ በሙሉ ወጣ፤ ሁሉም ግንቡ እንደሚወድቅ ድሮ ያውቅ ኖሯል! ጅብ በምናበላበት ከተማ ይህን ተረት መጥቀስ ነውር ካልሆነ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ሆስፒታል ስጠይቃቸው አክስቴ እጄን ይዘው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ጀማል እንዳይከፋው፣ ዝናቡ ነው በለው።» አለቀስኩ። ያለቀስኩት በሐዘን አይደለም፣ በንዴት ነው።

አደራ አደራ ነውና በሳምንቱ ልነግረው ሄድኩ። በርጫው እንደተለመደው ሞልቷል። ጀማልም በእውነት አዝኗል፤ የሆስፒታሉን ወጪ እንደሚችል፣ ግንቡንም እንደሚያሠራ ነገረኝ። «አክስቴ ዝናቡ ነው ብለዋል» አልኩት። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ የልጃገረዶቹን ቪዲዮ አይቼ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ስልክ ለስልክ ተዳርሶ እሱም ጋ ደርሷል። በትልቁ ቴሌቪዥን ከፈተው።

አንዷ ልጅ ቀሚሷን ይዛ ትዞራለች። ከኋላዋ አረንጓዴው ግንብ፣ ከሥሩ አክስቴ። የእኔ ጩኸት ይሰማል። ከዚያ ከላይ ከመስኮቱ አንድ ሰው ትንፋሹን ያዝ አድርጎ ጭኑን እየመታ ሲስቅ፣ ሌሎችም ሲያጅቡት ይሰማል። ግንቡ ሲወርድም ሳቁ አልቆመም።

መምህር ኢድሪስ ራሱን ነቀነቀና «የዘመኑ ማኅበረሰብ ይኸው ነው» አለ። ጀማል እንባውን ጠረገ። «ያ አላህ! በአሮጊት ሴት ላይ ግንብ ሲናድ የሚስቁት ምን ዓይነት ፍጥረቶች ናቸው?» አለና፣ እነማን እንደሆኑ ለመለየት ድምፁን ከፍ አድርጎ ከመጀመሪያው አስጀመረው።