ጺሜ ያስለቀሰው ሰፈር

ሰው ጠዋት ተነስቶ መጀመሪያ የሚያደርገውን ካያችሁ ጠባዩን ለማወቅ ብዙ አትደክሙም። አንዱ ዓይኑን ሳይገልጥ ሬዲዮ ይከፍታል። ሌላው ከሚስቱ ጋር ትናንት ያልጨረሰውን ክርክር ካቆመበት ይቀጥላል። ጎረቤቱ እንዴት እንዳደረ በአጥር ቀዳዳ የሚያጣራም አለ፤ ስም አልጠራም። እኔ ግን ጺሜን እላጫለሁ። «ታዲያ ይኼ ምን ይገርማል? ሁሉም ይላጭ የለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ሁሉም ይላጫል፤ የሚላጨው ግን ግብር እንደሚከፍል ሰው ፊቱን አጨማዶ፣ ቶሎ ለመገላገል ነው። እኔ ሌላው ሰው ዳማ ሲጫወት የሚያገኘውን ደስታ የማገኘው እዚያ አረፋ ውስጥ ነው። ማታ ስተኛ የነገውን መላጨት አስቤ ፈገግ እላለሁ። በሽታ ነው ካላችሁም መድኃኒቱን አታምጡብኝ።

ይህ አመል የያዘኝ በጃንሆይ ዘመን፣ ሆሳዕና ስልክ ቤት ተቀጥሬ ስሠራ ነው። አገሬ ዳምቦያ ነው፤ የከምባታ ልጅ ነኝ። ለሥልጠና አዲስ አበባ ልከውን ስንመለስ ጓደኞቼ ኮትና ባርኔጣ ገዝተው ሲመጡ እኔ መላጫ፣ ብሩሽና ክብ ሳሙና ይዤ መጣሁ። መላጫው ብረት ነው፤ ራሱ ሲፈታ በሁለት በኩል የሚቆርጥ ስስ ምላጭ ይጎርሳል። ብሩሹ የምን ጠጉር እንደሆነ ሻጩም በቅጡ አያውቅም፤ አንዴ የፈረስ ነው፣ አንዴ የአሳማ ነው ይለኝ ነበር። ለክርስቲያን ፊት የሚስማማውን መርጬ የፈረስ ነው በሚለው አመንኩና ከፍዬ ወጣሁ።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። በጣሳ ውሃ ይሞቃል። መስታወቴ ከቤት ውጭ፣ ወደ ገበያ የሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ የባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ ተሰቅሏል። ፊቴን በትኩስ ፎጣ ሸፍኜ ትንሽ እቆያለሁ። ከዚያ ብሩሹን ሳሙናው ላይ ሳልቸኩል አሽከረክራለሁ፤ አረፋው ብሩሹ ላይ ቀጥ ብሎ እስኪቆም ድረስ። መጀመሪያ ወደ ታች፣ ቀጥሎ ወደ ጎን እላጫለሁ። መጨረሻ ላይ ሎሚ ቆርጬ ፊቴን ስቀባው የምጮኸው ጩኸት ለሰፈሩ እንደ ሰዓት ያገለግል ነበር። ወደ ጃጁራ የሚወርዱ ነጋዴዎች እንኳ ቆም ብለው «ዛሬም አላለቀም እንዴ?» ብለውኝ ነው የሚያልፉት።

መስታወቱን ለምን ቤት ውስጥ እንዳልሰቀልኩት የሚጠይቅ ብልህ አንባቢ አይጠፋም። ማርታ በዚያ መንገድ ታልፍ ነበር፤ ይኸው ተናገርኩ። ማርታ የሆሳዕና ልጅ ናት፤ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። «እንደምን አደርክ» የምትለኝ ግማሽ ፊቴ አረፋ፣ ግማሹ ሰው ሆኖ ነው። ውሎ አድሮ ሰላምታው ረዘመ፤ ከረዘመም በኋላ ቃል ተገባባን። የቀረን የአባቷ ፈቃድ ብቻ ነበር።

አባቷ አቶ ሄራሞ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ጺማቸውን አልተላጩም። በእኛ አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ወንድ ሲያዝን ጺሙን ያሳድጋል፤ ጊዜው ሲደርስ ሽማግሌዎች ገብተው «በቃ» ብለው ያስላጩታል፤ ሐዘኑም ወጣ ይባላል። የአቶ ሄራሞ ግን ጊዜውም አልፎ፣ ሽማግሌዎቹም ተመላልሰው ደክሟቸው፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ወንጌላዊም መክሮ ገሥጾ፣ ጺማቸው ደረታቸው ላይ ደርሶ ነበር። ማርታን እንዲለምኑልኝ ሽማግሌ ብልክባቸው «ይኼ ጺም እዚህ ሆኖ ሰርግ አልደግስም» ብለው መለሷቸው። እስቲ አንቺ ንገሪያቸው ብዬ ወደ ማርታ ብዞር እሷም የአባቷ ልጅ ናት። «ራሱ ካልፈለገ ማንም አይገፋውም። እኔ እጠብቃለሁ። አንተ መጠበቅ ካቃተህ መንገዱ ያውልህ» አለችኝ። በየቀኑ የሚላጨው ሰውዬ ዕድል በማይላጩት ሰውዬ ጺም ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ምን አደርጋለሁ? ጠበቅኩ።

ክረምት ገባ። የዚያን ዘመን የሆሳዕና ጭቃ ሰው አይመርጥም፤ ሹሙንም ተሸካሚውንም እኩል ይይዛል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው የጭነት መኪና መንገድ ላይ ሰጠመና ሱቆቹ መጀመሪያ ስኳር፣ ቀጥሎ ላምባ፣ በመጨረሻ ምላጭ ጨረሱ። ስኳርና ላምባ ያጣው ሕዝብ ተሰብስቦ ያማርራል፤ ምላጭ አጣሁ ብሎ የሚያማርረው ግን እኔ ብቻ ነበርኩ። የቀረችኝን አንዲት ምላጭ ብርጭቆ ውስጥ አስገብቼ በጣቴ እየገፋሁ ስስላት ሰነበትኩ፤ በመጨረሻ መቁረጡን ትታ መንቀል ጀመረች። ገበያ መካከል ዛፍ ሥር ተቀምጦ የሰው ራስ የሚላጭ ሰው ነበር። ጨዋ ሰው ነው፤ ነገር ግን ፊቴን ለሌላ እጅ አሳልፌ ከምሰጥ መኪናው እስኪመጣ ብታገሥ ይሻላል አልኩ። ጺሜ ግን መኪናውን አልጠበቀም።

ቤት ያከራዩኝ እትዬ አስካለ ናቸው፤ ባላቸው ከሰሜን ተሹመው መጥተው፣ እሳቸው የዚሁ አገር ሰው ሆነው የቀሩ፣ እንባቸው ቅርብ የሆነ ደግ ሴት። አንድ ጠዋት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው በሬ ላይ ቆመዋል።

«ለምን ደበቅኸን፣ ልጄ?»

«ምኑን፣ እትዬ?»

«ወንድ ልጅ በሆዱ ይይዛል፤ አውቃለሁ። ጺምህ ግን ተናገረ።»

«ኧረ እትዬ፣ ምላጭ አልቆብኝ ነው!»

አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ተንሰቀሰቁ። «ሐዘን ሰውን የማያናግረው የለ!» አሉ።

እስቲ ፍረዱኝ። ይህ ሰፈር በሌላ ጊዜ ጠይቆ ጠይቆ የማይሰለቸው ነው፤ የሞት ነገር ሲሆን ግን «ማን ሞተ?» ማለት ነውር ይሆንበታል። የሚጠይቅ ሰው ቀድሞ መስማት የነበረበት ሰው ነዋ! ስለዚህ ሁሉም እንደሚያውቅ ሆኖ መጣ። ደግሞ እኔ ስልክ ቤት ነኝ፤ የአውራጃው መርዶ ሁሉ የሚያልፈው በእኔ ጆሮ ነው። መርዶ ተቀባዩ ራሱ ጺሙን ካሳደገ ከአገሩ በኩል ከዱራሜ ተደውሎለት ነው፣ የሞተውም አባቱ መሆን አለበት ተባለ። ግቢው ሞላ። አንዱ «ነፍስ ይማር» ይለኛል፣ ሌላው «ጌታ ያጽናናህ» ይለኛል፤ ንፍሮው ከእነእትዬ አስካለ ቤት፣ ቆጮና ጎመኑ ከማዶ ይመጣል። ከየት እንደመጣ የማላውቀው አግዳሚ ወንበር ተደረደረ። ሥራ ብገባ አለቃዬ ትከሻዬን ይዞ «ሂድ እረፍ» ብሎ መለሰኝ። «ማንም አልሞተብኝም!» ባልኩ ቁጥር አንዲት ሴት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታለቅሳለች። ቢቸግረኝ ዝም አልኩ። ዝም ስል ደግሞ «አሁን ገባው» ተባለ። በመካከሉ ገበያ ዋለና ወሬው ከገበያተኛው ጋር ወደ ዳምቦያ ወረደ።

እንዲህ ሆነን ሳለ ከእርሻቸውና ከቤተ ክርስቲያን በቀር ወዴትም የማይሄዱት አቶ ሄራሞ በሩ ላይ ብቅ አሉ። ሰው ሁሉ ተነሣላቸው። መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ፤ ሲያቀረቅሩ ጺማቸው ጉልበታቸው ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረው። እጄን ያዙኝ። ማንም ቢሳሳት እሳቸውን ማታለል አልችልም ብዬ ወደ ጆሯቸው ተጠጋሁ።

«አባባ፣ እርስዎ እንኳ እመኑኝ። ማንም አልሞተብኝም።»

አማርኛቸው አጭር ነው፤ ረጋ ብለው ነው የሚናገሩት። «እኔም መጀመሪያ ሰሞን እንዲህ አልኩ» አሉኝ። «አልሞተችም አልኩ። ለሁሉም ሰው።»

ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ ጠፉና ሆዴ ባባ። እጃቸውን አጥብቄ ያዝኩ።

«ሰው ይኼን ጺም አይቶ ሐዘን ነው ይላል» ብለው ቀጠሉ። «ሐዘን ነው። ግን እኔ ራሴ ተላጭቼ አላውቅም። ቅዳሜ ማታ እሷ ናት የምትላጨኝ፤ ለእሁድ። አገጬን እንዲህ ቀና ታደርጋለች። ሽማግሌዎቹ መጥተው ተላጭ ይሉኛል። እሺ፣ በማን እጅ?»

ይህን ለማንም አልተናገሩም ነበር፤ ለልጃቸውም ቢሆን። በዚህ መካከል ከውጭ ዋይታ ተሰማ። አንድ እስከ ወገቡ ጭቃ የሆነ ሰው ከበቅሎ ዘሎ ወርዶ ራሱን ይዞ ገባ።

«አባቴ!» ብዬ ጮህኩ።

አባቴ ልጁ ጺም አሳድጎ ለቅሶ መቀመጡን ዳምቦያ ገበያ ላይ ሰምቷል። ማን እንደሞተ ግን የሚነግረው አላገኘም። ስለዚህ መንገዱን ሁሉ ለዘመዶቹ በየተራ እያለቀሰ ነው የመጣው፤ ላኮረፋትም እኅቱ ሳይቀር።

«ማን ነው የሞተብን?» ብሎ ግቢውን ዞሮ አየ።

ሁሉም ወደ ሁሉም ያያል። በመጨረሻ የእትዬ አስካለ አፍ ከሐሳባቸው ቀደመ።

«እርስዎ» አሉ።

አባቴ ደረቱን ዳሰሰ። «እኔ?»

መጀመሪያ የሳቁት አቶ ሄራሞ ናቸው። ሳቃቸው እንደ ዛገ በር ነበር የጀመረው፤ ከዚያ ግን ተከፈተና እንባቸው በጺማቸው ላይ እስኪወርድ ድረስ ሳቁ። ግቢው ተከተላቸው። አባቴም አለመሞቱን ካረጋገጠ በኋላ ከሁሉ አብልጦ ሳቀ። ሳቁ ጋብ ሲልለት ከኮቱ ውስጥ አንዲት ትንሽ እሽግ አወጣ። «ማንም ይሙት ማን፣ ሐዘንህን ላወጣልህ ብዬ ነው የመጣሁት» አለ። እሽጉ ምላጭ ነው፤ በአላባ በኩል መጥቶ ዳምቦያ ሱቅ የተቀመጠ ምላጭ። የአውራጃ ከተማ ያጣው ዳምቦያ መገኘቱ ለአንዳንድ የሆሳዕና ሰው ደስ አላለውም፤ እኔ ግን አባቴን ከነጭቃው አቀፍኩት።

ውሃው ሞቀ። ብሩሹን ነክሬ ሳሙናው ላይ ሳሽከረክረው፣ ያ የናፈቀኝ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ፣ አዲስ የተወለድኩ መሰለኝ። ሰዉ እስክላጭ ከቦኝ ይጠብቃል። ማርታም ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሳቁን ሰምታ በሩ ላይ ቆማለች። ያን ጊዜ ምን እንደገፋፋኝ አላውቅም፤ ትኩሱን ፎጣ ይዤ ወደ አቶ ሄራሞ ዞርኩ።

«አባባ፣ እርስዎ ይቅደሙ» አልኩ።

ሳቁ ቀጥ አለ። ወዲያው ጸጸተኝ። ማንም አይገፋውም ብላኝ አልነበረም? በሐዘናቸው ቀለድክ ብለው ቢነሡ የማርታ ነገር አበቃለት፤ እሷም ይቅር አትለኝም። ቀና ብዬ ላያት ፈራሁ። አቶ ሄራሞ ብሩሹን አዩ፣ እጄን አዩ፣ እንደገና ብሩሹን አዩ።

«ዛሬ ምን ቀን ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

ሐሙስ ነበር። ሐሙስ መሆኑን የማያውቅ ሰው እዚያ ግቢ ውስጥ አልነበረም። እትዬ አስካለ ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ አባቴ ነጠላቸውን ጎተታቸው።

«ቅዳሜ ነው፣ አባ» አለች ማርታ።

አቶ ሄራሞ አገጫቸውን ቀና አደረጉ።

መጀመሪያ መቀስ፣ ከዚያ ፎጣ፣ ከዚያ አረፋ። እንደዚያ ቀን ተጠንቅቄ ላጭቼ አላውቅም። ጺሙ በወረደ ቁጥር አንድ የማውቀው ፊት እየወጣ መጣ፤ ማርታ ስትስቅ ጉንጯ ላይ የሚታየው ስርጉድ ለካ የእሳቸው ኖሯል! ጉንጭና ጉንጩን ጨርሼ ወደ አንገት ወረድኩ። አባቴ ግን ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አይችልም። የሰፈሩን ሽማግሌ ሁሉ በአንድ አግዳሚ ተደርድሮ ሲያይ፣ የልጁንም ጉዳይ ያውቃልና፣ ጭቃውን አራግፎ ብድግ አለ።

«አቶ ሄራሞ፣ ሰዉም ተሰብስቧል፣ እኔም ከሞት ተነሥቻለሁ» አለ። «ልጅዎን ለልጄ እንዲሰጡልኝ እለምናለሁ።»

መላጨቴን ገታሁ። አቶ ሄራሞ ራሳቸውን ሳያነቃንቁ፣ ከንፈራቸውን ብቻ ላወስ አደረጉ።

«ምላጩ ጉሮሮዬ ላይ ሆኖ ነው የምትጠይቀኝ?»

«አዎ» አለ አባቴ።

«እንግዲያ እምቢ እንዴት እላለሁ?»

ያን ሁሉ ቀን ሲያለቅሱ የሰነበቱት እትዬ አስካለ እልልታውን የጀመሩት በዚያው የለቅሶ ድምፃቸው ነበር። የለቅሶው ምግብ ሳይነሣ የደስታ ምግብ ሆነ፤ ያጽናናህ ሲለኝ የነበረው ሁሉ እንኳን ደስ አለህ ይለኝ ጀመር። እኔ ራሴ እስኪመሽ አልተላጨሁም፤ ያሳሰበኝም አልነበረም።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ስንት ዘመን የማርታ ባል ሆኜ ኖሬ አንዳንዴ አስባለሁ፤ ሰውዬው ልጃቸውን የሰጡኝ ወደውኝ ነው ወይስ ፈርተውኝ? ማርታን ብጠይቃት «አባቴ ምላጭ አይፈራም» ብላ ትስቅብኛለች። እሳቸውን የምጠይቅበት ጊዜ ሞልቶኝ ነበር፤ በሕይወት እስከነበሩ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ እየመጡ ከፊቴ ይቀመጡ ነበርና። አልጠየቅኋቸውም። ዓይኑን ጨፍኖ ጉሮሮውን የሰጠኝን ሰው ሌላ ምን ብዬ ልጠይቀው?