የአራጌ ራስ ምታት

[ቆቦ፣ የገበያ ቀን፣ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ። እዚህ ራሱን ያመመው ሰው መጀመሪያ የሚቀመጠው ከአንዲት ታብሌት ፊት ነው። በሴት ድምፅ፣ በአማርኛ ትጠይቃለች፤ የሰማችውን አጠናቅራ ውስጥ ላለችው ሐኪም ለሔራን ትልካለች። አሁን ከፊቷ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። አንዱ የከብት ደላላው ሙህሲን ነው። ሻጭና ገዥ ዝም ቢሉ እሱ ሁለቱንም ሆኖ ይከራከራል። አራጌ ሲያገባ ሼሁ «ተቀብለሃል ወይ?» ብለው ቢጠይቁት «ተቀብሏል» ብሎ የመለሰው እሱ ነው። ሌላው ያው አራጌ ነው፤ የሙህሲን ሚስት የኡሙልኸይር ወንድም፣ ማሽላ አራሽ። እስኪመልስ ድረስ ጠያቂው የጠየቀውን ይረሳል። አራጌ ራሴን አመመኝ ካለ ሰነበተ። ዛሬ ሙህሲን ገበያውን ጥሎ ይዞት መጣ። ኡሙልኸይር «የዚህ ራስ ነገር ሳይታወቅ እንዳትመለሱ» ብላ እያለቀሰች ነው የሸኘቻቸው።]

ሙህሲን፦ እኔ የምልህ፣ ዕቃ ሰላም አይባልም።

አራጌ፦ ብያታለሁ አንዴ። አሰላሙ አለይኩም ብያታለሁ።

ሙህሲን፦ ብትልስ? አትመልስልህም።

አራጌ፦ እስክትመልስ እጠብቃለሁ።

ሙህሲን፦ አንተ ሰውዬ፣ ይቺ እኮ ኮምፒውተር ናት። የሰው ቋንቋ አጥንታ ነው የምታወራ። ስለ በሽታ ነው ያስተማሯት፣ ሰላምታ አታውቅም።

ታብሌቷ፦ ወአለይኩም ሰላም። ይቅርታ፣ ኔትወርክ ዘግይቶብኝ ነው። ታማሚው ማን ልበል?

አራጌ፦ አራጌ። ደህና ዋሉ?

ሙህሲን፦ «ዋሉ» አትበላት፣ ትኮራለች።

ታብሌቷ፦ አቶ አራጌ፣ ምን እንደሚሰማዎት በራስዎ አነጋገር ይንገሩኝ።

አራጌ፦ [ያስባል። ውጭ አንድ ባጃጅ መጥቶ ይቆማል፣ ሰው ያወርዳል፣ በዋጋ ይከራከራል፣ ሌላ ሰው ጭኖ ይሄዳል።] አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።

ሙህሲን፦ አየሽልኝ? ይሄ ነው እንግዲህ። ቤቱ ቢቃጠል «ትንሽ ሞቆናል» ነው የሚል። እሱን ተይው እህቴ፣ እኔ እነግርሻለሁ።

ታብሌቷ፦ እሺ። ህመሙ የት ጋ ይጀምረዋል?

[አራጌ አፉን ይከፍታል።]

ሙህሲን፦ ግራ። ከግራ ዓይኑ ጀርባ ይነሳና እስከ ማጅራቱ ይወርዳል። ይመታል። ወፍጮ ቤት የቆመ ሰው ነው የሚመስል፣ ውስጡ ሁሉ ነው የሚንቀጠቀጥ።

ታብሌቷ፦ አቶ አራጌ፣ እንደዚያ ነው?

አራጌ፦ እሱ ካለ ነው።

ታብሌቷ፦ ብርሃን ይረብሸዋል?

ሙህሲን፦ የሰው ቤት ቆርቆሮ ሲያበራ እንኳ አይችልም። ሽርጡን ፊቱ ላይ ጥሎ ነው የሚያልፍ።

ታብሌቷ፦ ድምፅስ?

ሙህሲን፦ ግመል ተራ ውስጥ አንዱ ከጮኸ አለቀለት፣ ወደ ላይ ይለዋል። ሻጩን እያናገረ ዘወር ብሎ አስመልሶ ይመጣል።

አራጌ፦ እኔ ግመል ተራ ምን አደርጋለሁ?

ሙህሲን፦ ዝም በል። ታማሚ ብዙ ማውራት የለበትም።

[ታብሌቷ የሚያሰጉ ምልክቶች እንዳሉ ትጠይቃለች፤ በድንገት የመጣ ከባድ ህመም፣ ትኩሳት፣ የእጅ እግር መዛል፣ የዓይን መጋረድ። ሙህሲን ለአንዱም አያመነታም፤ የለበትም ይላል። አራጌ በየመልሱ ትንፋሹን ይለቃል።]

ታብሌቷ፦ ሲብስበት ህመሙ ከአስር ስንት ይሆናል?

ሙህሲን፦ ዘጠኝ ተኩል።

ታብሌቷ፦ ዘጠኝ ተኩል።

ሙህሲን፦ እሺ፣ ላንቺ ስል ዘጠኝ።

ታብሌቷ፦ እኔ ይቀንሱ አላልኩም። የሚሰማውን ብቻ ይንገሩኝ።

ሙህሲን፦ ስምንት። ከዚህ ወዲያ አልወርድም።

ታብሌቷ፦ ስምንት። ለህመሙ ምን ይወስዳል?

ሙህሲን፦ [ከኪሱ ክኒን አውጥቶ ያለ ውሃ ይውጣል።] ማስታገሻ ነዋ። ጠዋት ሳይጀምረው ይወስዳል፣ እንዳይቀድመው። ገበያ መሃል ይደግማል። ማታም እንቅልፍ እንዲወስደው።

ታብሌቷ፦ በየቀኑ?

ሙህሲን፦ ሁለት ዓመቱ። አንድ ቀን አላጓደለም።

አራጌ፦ ሁለት ዓመት?

ሙህሲን፦ አንተ መቼ ትቆጥራለህ።

ታብሌቷ፦ ሳይወስድ የዋለ እንደሆነስ?

ሙህሲን፦ እሱን አታንሽው። ይብስበታል። አንዴ እዚህ ፋርማሲው ተዘግቶበት ሮቢት ድረስ ሄዶ ነው የገዛ፣ በዚያ ፀሐይ።

ታብሌቷ፦ አመሰግናለሁ። የነገሩኝን ለሐኪሟ ልኬላታለሁ፤ መርምራ የምትወስነው እሷ ናት። ከሰማሁት ግን ማይግሬን የሚባለው የራስ ህመም ይመስላል። በዚያ ላይ በየቀኑ የሚወሰደው ማስታገሻ ራሱ ህመሙን ሳያባብሰው አልቀረም። በሐኪም ምክር መቀነስ ይኖርበታል።

[ሙህሲን ወደ አራጌ ይዞራል። የወረደበት ተግሣጽ ተጽፎ አያልቅም። በገዛ እጁ ራሱን ሲመርዝ እንደኖረ፣ ሚስትና ልጅ እንዳለው፣ ከእሱ የባሰ ሞኝ በራያ ቆላ እንዳልተፈጠረ ነገረው። አራጌ ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠ።]

አራጌ፦ ልክ ነህ። ምን ይሻላል?

ሙህሲን፦ ምን ይሻላል ትላለህ እንዴ? ሰማሃት አይደል። አሁን ክኒኑን ታወጣና ለሐኪሟ ታስረክባለህ።

አራጌ፦ ክኒን የለኝም።

ሙህሲን፦ የት አደረግኸው?

አራጌ፦ አንተ ኪስ ነው ያለ።

[ሙህሲን እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል። እዚያው ይቀራል።]

ሙህሲን፦ ራሴን አመመኝ ብለህ የለም እንዴ?

አራጌ፦ ኡሙልኸይር ናት በል ያለችኝ። «እሱን ታመሃል ቢሉት ደህና ነኝ ይላል፤ የሰው በሽታ ከሆነ ግን አንድ አያስቀርም። አንተ ታመምኩ በልና ውሰደው» አለችኝ።

ሙህሲን፦ ዛሬ ስታለቅስ ላንተ መስሎኝ ነበር።

አራጌ፦ ለእኔማ ምን ያስለቅሳታል። ሌሊት ራስህን በሻሽ አስረህ፣ ግድግዳ ተደግፈህ ስታድር እያየች ነው። ጠዋት ግን ደህና አደርኩ ትላታለህ። አንድ ቀን ወድቆ ይቀርብኛል ብላ ፈርታለች። እኔም ፈርቻለሁ፣ ሙህሲን።

[ሔራን በሩን ከፍታ ራሱን የሚያመው ሰው ይግባ ትላለች። ማንም አይነሳም። ደግማ ትጣራለች።]

ሙህሲን፦ ተነስ እንግባ።

አራጌ፦ ታማሚውን ነው ያለች።

[ሙህሲን ይነሳል። ሽርጡን ያስተካክላል። በሩ ጋ ሲደርስ ቆም ብሎ ይመለሳል፤ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።]

ሙህሲን፦ ምን ብዬ ነው የምጀምር?

አራጌ፦ [ያስባል።] አራጌ የሚባል ሰው ራሱን ያመዋል ብለህ ጀምርላት። ወደ መጨረሻው ላይ ስሙን ትቀይረዋለህ።